በድኩላዋ ጆሮ ላይ የተጣበቀው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከሰበታ ወጣ ብሎ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ከመናገሻ ሱባ ደን ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማለዳ፣ አንዲት ሴት ድኩላ ከጓሯችን የአጥር ሽቦ ጋር ተጠላልፋ አገኘናት። ጎረቤቶቻችን ዓይኗን በጋቢ ሸፍነው ያዟት፤ ባለቤቴ ሽቦውን ቆርጦ ለቀቃት፤ እሷም ወደ ደኗ ሮጠች። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ጆሮዋ ውስጥና በኋላ እግሮቿ መካከል ብዙ ነገር ተጣብቆ አየሁ። አንዳንዱ የጉሎ ፍሬ የሚያህል፣ ያበጠና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። አንዳንዱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ብርቱካናማና እግሩ ላይ ነጣ ያለ ቀለበት ያለበት ነው። ሌላው ደግሞ ቡናማና ጠፍጣፋ ሆኖ በጠጉሯ ውስጥ በፍጥነት የሚሮጥ ሲሆን፣ አንዱ በባለቤቴ እጅጌ ውስጥ ገብቶ አስቸግሮታል። ጥቂቶቹን ለቅሜ በጠርሙስ አስቀምጫለሁ። ሦስቱም መዥገር ናቸው? ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ ይህን በስልክ ብነግረው፣ «እማዬ፣ እዚህ አጋዘን ላይ ያለው መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያመጣል፤ ተጠንቀቂ» ብሎ አስጨንቆኛል። ላሞቻችንም የሚግጡት እዚያው ደን ጠርዝ ላይ ነው። (አንባቢያችሁ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ነገሩን አስተውለው ስለጻፉልን መልሱ ቀሎልናል። በገለጻዎ መሠረት በአንዲት ድኩላ ላይ ያዩት ሦስት የተለያዩ ፍጥረታትን ነው። ሁለቱ መዥገሮች ናቸው፤ በጠጉሩ ውስጥ የሚሮጠውና ባለቤትዎ እጅጌ ውስጥ የገባው ግን መዥገር ሳይሆን ደም የሚመጥ የዝንብ ዓይነት መሆኑን እናምናለን። ጠርሙሱ እጅዎ ላይ ስላለ እርስዎ ራስዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

መጀመሪያ እግሩን ይቁጠሩ። መዥገር የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ እንጂ ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ ስለዚህ ያደገ መዥገር ስምንት እግር አለው፤ ክንፍም ሆነ አንቴና የለውም፤ ጭንቅላቱ፣ ደረቱና ሆዱ ተለይተው አይታዩም፤ ሁሉም አንድ ወጥ አካል ሆኖ ከፊቱ መንከሻ አፉ ብቻ ወጣ ይላል። ዝንቡ ግን ስድስት እግር፣ የተለየ ጭንቅላትና በጎንና በጎኑ ዓይን ይኖረዋል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ከእንቁላል የተፈለፈለ የመዥገር እጭም ስድስት እግር ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን እጩ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ካልተጠነቀቁ በዓይን የማይታይ ደቃቃ ፍጥረት ነው። ስለሆነም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት ስድስት እግር ያለው ነገር ካዩ፣ እሱ መዥገር አይደለም።

አረማመዱም ይለየዋል። መዥገር አንድ ቦታ አፉን ከተከለ በኋላ ለቀናት ከዚያ አይነቃነቅም። እርስዎ ያዩት ዝንብ ግን ቆዳው እንደ ሌጦ የጠነከረ፣ አካሉ ለጥ ያለና እግሮቹ ጠጉር የሚጨብጥ ጥፍር ያላቸው ስለሆነ፣ በጠጉር መካከል ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይሮጣል። በአውሮፓ አጋዘኖች ላይ የሚኖረው ዘመዱ፣ ሊፖፕቴና ሰርቪ የተባለው፣ ከአጋዘኑ ላይ እንዳረፈ ክንፉን ጥሎ ከዚያ በኋላ የማይበር ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው መዥገር ነው ብሎ የሚያስበው። በአጉሊ መነጽር ቢያዩት በትከሻው ላይ የተሰበረው የክንፍ ጉቶ ይታያል። የዚሁ ወገን የሆነና ጭራሽ ክንፍ የሌለው ሌላ ዝንብ በደጋው አገራችን በጎች ላይ የታወቀ ነው፤ ከቅማል ጋር ሆኖ በበግ ቆዳ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት የቆዳ ፋብሪካዎች እከክ ይሉታል። ባለቤትዎን ነክሶት ከሆነ ለጥቂት ቀናት ሊያሳክከው ይችላል፤ የሰው ገላ ግን መኖሪያው ስላልሆነ አይቆይበትም።

አሁን ወደ መዥገሮቹ እንምጣ። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም በገጠርም ሆነ በከተማ ዳር የምናገኛቸው ሰዎች ሁሉ የሚያሳዩን ያበጠውን ነው። ዓይን የሚስበው እሱ ነውና አይፈረድም። ዳሩ ግን ስለ ዓይነቱ ከሁሉ ያነሰ መረጃ የሚሰጠው ያ ያበጠው ነው። ጠንካራ መዥገሮች የሚባሉት ወገኖች በጀርባቸው ላይ ጋሻ የሚመስል ደረቅ ሽፋን አላቸው። በወንዱ ላይ ይህ ጋሻ ጀርባውን በሙሉ ስለሚሸፍነው፣ ወንዱ የቱንም ያህል ቢመጥ እምብዛም አያብጥም። በሴቷ ላይ ግን ጋሻው ከአፏ ኋላ ያለችውን ትንሽ ክፍል ብቻ ይሸፍናል፤ የቀረው አካሏ የሚለጠጥ በመሆኑ ደም ስትጠግብ ከነበረችበት ብዙ እጥፍ ታድጋለች። በዚያን ጊዜ መለያ የሆኑት ጋሻዋ፣ አፏና እግሮቿ በሆዷ ግዝፈት ተውጠው በአንድ ጫፍ ላይ እንደ ነጥብ ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ያበጠችውን ካገኙ አጠገቧ ያለውን ትንሽና ጠፍጣፋ ወንድ ይፈልጉ፤ ያበጠችውንም ቢሆን ሆዷን ትተው ፊቷን ይመልከቱ።

ፊቷን ለማየት ማይክሮስኮፕ የግድ አያስፈልግም። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው በጠራ የቀን ብርሃን በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክዎ ካሜራ ቀረብ አድርገው ሲያዩት፣ አስቀድመው የአፉን ርዝመት ይመልከቱ። አፉ ከፊት ወጣ ብሎ ረጅም ነው ወይስ አጭርና ደልደል ያለ? ቀጥሎ ጋሻው ሥዕል አለው ወይስ አንድ ወጥ ቀለም ነው? በመጨረሻ የእግሩ ቀለም ምን ይመስላል? በአካባቢያችሁ በብዛት የሚገጥሙትን ዓይነቶች ለመገመት እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ።

ሰማያዊ ግራጫ የመሰለችዎት ያበጠችው፣ አፏ በጣም አጭር፣ እግሮቿም ቀጫጭንና ፈዛዛ ከሆኑ፣ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ሰማያዊ መዥገር ወይም ቡፊለስ ዴኮሎራተስ የምትባለው ናት። ወንዷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ይህች መዥገር ከእጭነት እስከ ሙሉ እድገት ያለውን ጊዜ በአንድ እንስሳ ላይ የምታሳልፍ በመሆኗ፣ በዚያው ጆሮ ላይ ደቃቃውንም ትልቁንም በአንድነት ማየትዎ አያስገርምም።

ጀርባው ብርቱካናማ፣ እግሩ ባለ ቀለበት የሆነው አምብሊዮማ ቫሪጌተም እንደሆነ በብዙ እርግጠኝነት መናገር ይቻላል። የወንዱ ጋሻ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሆኖ በጥቁር ቡናማ መስመሮች የተሳለ ነው፤ አፉ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ጠልቆ ስለሚገባም የሚተወው ቁስል የከፋ ይሆናል። በእግሮቿ መካከል ተሰብስበው ማየትዎም ከጠባዩ ጋር ይስማማል። ወንዱ ቀድሞ ተጣብቆ መምጠጥ ሲጀምር ሌሎችን የሚጠራ ሽታ ይረጫል፤ ሌሎቹም ሽታውን ተከትለው እዚያው ይሰባሰባሉ። ትልልቆቹ ዝናም ሲገባ በብዛት ስለሚወጡ ሰኔ መሆኑም የሚጠበቅ ነው።

ከእሱ ጋር የሚምታታው ሃያሎማ ነው፤ የሃያሎማም አፍ ረጅም ነው፤ እግሩም ቀለበት አለው። ጋሻው ግን ሥዕል የሌለው ጥቁር ቡናማ ስለሆነ የቀለሙ ልዩነት ይበቃል። እግሩ ቀለበት ሳይኖረው ሙሉ በሙሉ ቀይ ብርቱካናማ፣ ጋሻው ጥቁር፣ አፉ አጭር የሆነ ካገኙ ደግሞ ራይፒሴፋለስ ኤቨርትሲ፣ ማለትም ባለ ቀይ እግሩ መዥገር ነው። የዚህኛው እጭና ታዳጊ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ያደገው ከጭራ ሥር ይገኛል። የተገኘበት የሰውነት ክፍል ጥሩ ፍንጭ የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

የልጅዎ ስጋት የመነጨው በሚኖርበት አገር ካለው እውነት ነው። ላይም የተባለው በሽታ ስሙን ያገኘው በኮነቲከት ግዛት ከምትገኝ ከተማ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሕፃናት ላይ የታየው የመገጣጠሚያ ሕመም ትኩረት ስቦ ነበር። ዊሊ በርግዶርፈር የተባሉት ተመራማሪ በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ ከመዥገር ውስጥ ማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው ኢክሶደስ ስካፑላሪስ የሰሜን አሜሪካ መዥገር ነው። እግሩ ጥቁር ነው፤ የሴቷ ጋሻ ጥቁር ሆኖ ከኋላው ያለው አካሏ ቀይ ብርቱካናማ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሥዕል፣ እግሯም ላይ ቀለበት የለም። እርስዎ ከገለጹልን ከሁለቱም ጋር አይመሳሰልም። እንስሳውም ይለያል፤ የእነሱ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል ሲሆን፣ ድኩላ ግን ከላምና ከፍየል ወገን የሆነ፣ ቀንዱ የማይረግፍ እንስሳ ነው፤ በአገራችን ጫካ በተፈጥሮው የሚኖር የዚያ የአጋዘን ዘር የለም። ለልጅዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልን፤ እዚያ አገርም ቢሆን አጋዘን ያደገውን መዥገር ይቀልባል እንጂ የላይም ባክቴሪያ ምንጭ አይደለም፤ ታዳጊዎቹ መዥገሮች ባክቴሪያውን በዋናነት የሚወስዱት ከአይጥና ከመሰል ትናንሽ እንስሳት ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር የማትበልጠዋ ታዳጊ ሳትታይ ስለምትቀር፣ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ከዋለ በኋላ ገላውን ቢፈትሽ አጋዘን ከመሸሽ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ይህ ማለት የእኛ መዥገር ለሰው ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እኚሁ በርግዶርፈር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ አምብሊዮማ መዥገር ውስጥ ሪኬትሲያ የተባለ ተሕዋስ አግኝተዋል። ይህ ተሕዋስ ዛሬ ሪኬትሲያ አፍሪኬ በሚል ስም የሚታወቀው ሲሆን፣ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት የሚባለውን ሕመም ያመጣል። በዚያ ማለዳ ድኩላዋን ከያዙት ሰዎች መካከል መዥገር የተጣበቀበት ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና በተነከሰበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ሊታይበት ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ መዥገር እንደነካው ለሐኪሙ በግልጽ ይናገር፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ወባ ወይም ታይፎይድ ወደሚለው ግምት ሊያዘነብል ይችላል፤ በሽታው ግን በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት የሚድን ነው።

ስለ ላሞችዎ መጨነቅዎ ተገቢ ነው። ሰማያዊዋ መዥገር ባቤዚያና አናፕላዝማ የተባሉትን የደም በሽታዎች፣ አምብሊዮማ ደግሞ በሙያው ሃርትዎተር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በድኩላዋ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለንም። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ይህ ወገን በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ብቻ የሚገኝ ውድ ሀብታችን ነው፤ በደኑ ጠርዝ በብዛት ሆነው በየዕለቱ የሚውሉት ግን ከብቶች ናቸው፤ መዥገሩም ከከብት ወደ ድኩላ፣ ከድኩላ ወደ ከብት ይመላለሳል። መፍትሔው በእጅዎ ባሉት ላሞች ላይ ነው። በየጊዜው ጆሯቸውን፣ ጡታቸውን፣ ብሽሽታቸውንና የጭራቸውን ሥር ይፈትሹ፤ የመዥገር መድኃኒቱን ዓይነትና የርጭቱን ጊዜ ደግሞ የወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ይወስን። ያለ ልክ የተበጠበጠ መድኃኒት መዥገሩን ከመግደል ይልቅ እንዲለምደው ያደርጋል።

በጠርሙስ ያስቀመጧቸውን አይጣሏቸው። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝተው ይጨምሩበት። ያገኙበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የእንስሳውን ዓይነትና የሰውነት ክፍሉን በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው ወረቀቱን እዚያው አልኮሉ ውስጥ ያስገቡት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ስለሚሟሟ ጽሑፉ ይጠፋል። የጆሮውንና የብሽሽቱን በተለያየ ጠርሙስ ቢያደርጉ ይመረጣል። ከዚያም እዚያው ሰበታ ለሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሊያሳዩት ይችላሉ። የዱር እንስሳ መዥገር በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ካልሆነ በቀር በቀላሉ የማይገኝ ስለሆነ፣ ከነመረጃው ከተቀመጠ ለባለሙያው ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ እሮጣለሁ። በቀደም ከጉልበቴ ጀርባ የተጣበቀ መዥገር አግኝቼ ጓደኛዬ ክብሪት ለኩሳ አስለቀቀችልኝ። ትክክል ነው? መዥገሩስ ከሚዳቋ ነው የመጣው? (አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ክብሪትም፣ ነጭ ጋዝም፣ ቅቤም አንመክርም። የተቃጠለ ወይም የታፈነ መዥገር ከመልቀቁ በፊት ምራቁንና የሆዱን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል፤ በሽታ የሚተላለፈውም በዚሁ ነው። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይያዙ፤ ሆዱን ሳይጨምቁ ከቆዳው ጋር በተገናኘበት በአፉ በኩል ይጨብጡት፤ ሳይጠመዝዙ ቀስ ብለው ቀጥታ ወደ ላይ ይሳቡት። ከዚያ ቦታውንና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። መዥገሩን በጥፍርዎ አያፍርጡት። ክብሪቱ ሌላም ጉዳት አለው፤ ዓይነቱን የሚናገረው አፉና ጋሻው ስለሆነ፣ ፊቱ የተቃጠለ መዥገር ለመለየት አይበጅም።

ከየት መጣ ለሚለው፣ መዥገሩ ከሚዳቋ ዘሎ እርስዎ ላይ አልወጣም፤ መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ከቀድሞ አስጠጊው ከወረደ በኋላ ቅርፊቱን ቀይሮ ሣር ጫፍ ላይ ይወጣና የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። በእነዚያ እግሮች ጫፍ ላይ ትንፋሽንና ሙቀትን የሚያሸትበት ክፍል ስላለው፣ አላፊውን እንስሳ ወይም ሰው ሲነካ ይጨብጠዋል። በፊት የቀለበው ሚዳቋ፣ በግ፣ አህያ ወይም ውሻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በዓይን አይቶ መናገር አይቻልም። ሲሮጡ ረጅም ካልሲ ያድርጉ፤ ሲመለሱም ጉልበትዎን፣ ብሽሽትዎንና ብብትዎን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ መንገድ ዳር የሞተ ሚዳቋ አየሁ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ለትምህርቴ መዥገሩን ልለቅም እችላለሁ? (ተማሪ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ፍላጎትህን እናደንቃለን፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የአሟሟቱ ምክንያት መታወቅ አለበት። መኪና የገጨው መሆኑ በግልጽ የማይታይ እንስሳ፣ በተለይም ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከሆነ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አትንካው፤ አይገፈፍ፤ አይከፈትም። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ አየር ሲያገኝ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ የሚችል ዘር ይሆናልና፣ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ንገር።

የተገጨ መሆኑ ከተረጋገጠና ባለሙያው አብሮህ ካለ፣ ጓንት አድርገህ ሳትዘገይ ጀምር፤ ያልጠገቡት መዥገሮች በድኑ ሲቀዘቅዝ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ዝንቦቹ ደግሞ ቀድመዋቸው ይሄዳሉ። ከጆሮ ጀምረህ ወደ ዓይን ዙሪያ፣ ደረት፣ ብሽሽትና ጭራ ሥር ሂድ። የጆሮ ቀዳዳውን ውስጥ በባትሪ ብርሃን ተመልከት፤ የባለ ቀይ እግሩን ታዳጊዎች የምታገኘው እዚያ ነው። ትልልቆቹን ብቻ አትልቀም፤ ጠፍጣፎቹን ወንዶች ካላመጣህ ዓይነቱን ለመወሰን ትቸገራለህ። የዱር እንስሳ አካል ለጥናት መውሰድ ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል አስተማሪህ በቅድሚያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ይጠይቅልህ። መዥገር ለቅመህ ስትጨርስ ልብስህን ከቤት ውጭ አራግፈህ ግባ።